ፌስታሉ ውስጥ ያለው ነጠላ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የሲስተር መልስ

ጥያቄ

ውድ ሲስተር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ስሜን ባልጽፍ ደስ ይለኛል። 34 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳር ነኝ፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። የምኖረው ሐዋሳ ሞቢል አካባቢ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ጥቂት ቆይቶ ገባሁ፤ አሁን የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ በመዘምራን ውስጥ አገለግላለሁ።

እማዬ የሞተችው በ1998 ሚያዝያ ላይ ነው። እኔ 15 ዓመቴ ነበር። ከሶዶ መጥታ መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ ሻይ ቤት ነበራት። ሦስት ሳምንት ታማ ሄደች። ከእኔ በታች ሦስት ልጆች ነበሩ፤ የመጨረሻዋ አምስት ዓመቷ ነበር። የቀብሩ ዕለት ልጮህ ስል አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ክንዴን ያዝ አድርገው «ትልቋ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ካለቀስሽ እነዚህ ምን ይሁኑ? ደግሞ እኛ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አናለቅስም» አሉኝ። ዋጥ አደረግኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እማዬ አልቅሼ አላውቅም። አባቴ በዓመቱ ሌላ አገባ። ልጆቹን ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ «ቻይ ናት» ይለኛል።

ባለፈው ጥር የመጨረሻዋን እህቴን ዳርን። በእናት ቦታ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሠርጉ ካለፈ ወዲህ ግን ሰው አልሆንኩም። እሁድ ለመዘመር ስቆም ልቤ ይመታል፣ እጄን ያልበኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና እንቅልፍ የለም። ልጄን በአንዲት ብርጭቆ ምክንያት መታኋት። እንደዚያ አድርጌ መትቻት አላውቅም። ሁለት ጊዜ ለጸሎት ወደ መድረክ ወጣሁ። «ከእናትሽ የመጣ የሐዘን መንፈስ ነው» ተብሎ ተጸለየልኝ፣ ወደቅኩ። ሦስት ቀን ቀለል አለኝና ተመለሰ። ሦስተኛ እንዳልወጣ አፈርኩ።

የእማዬ አንድ ነጠላ አለኝ። በፌስታል ቋጥሬ ቁም ሣጥን ላይ ካስቀመጥኩት 19 ዓመቱ ነው። ቤት በቀየርኩ ቁጥር ይዤው እዞራለሁ። አንድም ቀን ፈትቼው አላውቅም።

ይህ ሁሉ የእምነት ማነስ ነው? መጽሐፉ «በኋላዬ ያለውን እየረሳሁ» ይል የለ? ሐኪም ጋ ብሄድስ በጌታ አልታመንኩም ማለት ነው? አባቴንና እኚያን ሽማግሌ ይቅር ብያለሁ ብዬ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ሳስባቸው ያንገሸግሸኛል። ምን ላድርግ?

«ቻይዋ» ነኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ሦስተኛውን መነጽሬን አውልቄ ከጠረግኩ በኋላ ነው። ስለ መንፈሱም ስለ ሐኪሙም ጠይቀሽኛል፤ እደርስበታለሁ። የእኔ ዓይን ግን ያረፈው ፌስታሉ ላይ ነው።

እኔም ፌስታል ነበረኝ። በእጅ የሚያዝ አልነበረም እንጂ።

31 ዓመት አዋላጅ እንደነበርኩ የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ታውቃላችሁ። ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። በ1986 ሐምሌ ላይ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። ወሯ ሞልቶ ነበር። ሴት ናት። ስትወለድ አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም።

ለእንዲህ ያለ ሕፃን ድንኳን አይተከልም። የእድር ጥሩምባ አይነፋም፣ ንፍሮ አይቀቀልም። ባለቤቴና ሁለት ጎረቤቶች ገና ሳይነጋ በጋቢ ጠቅልለው ይዘዋት ሄዱ። የት እንደቀበሯት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ፊቷን እንኳ አላየሁም። «ባታያት ይሻልሻል» አሉኝ፣ የራሴ የሥራ ባልደረቦች። ከዚያ የመጣው ሰው ሁሉ በር ላይ የተማከረ ይመስል «አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» አለኝ። አልዋሹም፤ በኋላ ሁለት ወልጃለሁ። በዚያ ሳምንት ግን ጡቴ ወተት አግቶ አሠቃየኝ። ሰውነቴ መውለዱን ያውቃል። ዝም በል የተባለው አፌ ብቻ ነው።

አራስነቴን ጨርሼ ሥራ ገባሁ። የሰው ልጅ እየተቀበልኩ 17 ዓመት ሠራሁ። ጎበዝ ነበርኩ። ቁጡም ነበርኩ። በምጥ የምትጮህ ሴት አልወድም ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። «ዝም በይ! መውለድ በአንቺ አልተጀመረ!» ያልኳቸውን እናቶች ቁጥር ጌታ ነው የሚያውቀው። ጸሎት ቤት ግን እጄን ዘርግቼ አመልክ ነበር፤ ማንም ምንም አላለኝም። እንዲያውም ብርቱ ነበር የምባለው።

በ2003 አንዲት ከገጠር የመጣች ወጣት የሞተ ልጅ ወለደች። ጠቅልዬ ዞር አደረግኩትና ሳላስበው «አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄኛውንስ ማን ልበለው?» አለችኝ።

ሰጠኋት፤ ታቀፈችው። እኔ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ በሩን ከውስጥ ዘጋሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩና ቀጣዩዋን ሴት አዋለድኩ።

ፊት መታጠቡን ያዢልኝ። አሁን ዘፍጥረትን አውጪ።

ዮሴፍን ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ሕልሙና ስለ ሹመቱ ነው። ከምዕራፍ 41 ጀምሮ ቀስ ብለሽ አንብቢው። በግብፅ የመጀመሪያ ልጁን ሲወልድ ስሙን ምናሴ አለው፤ እግዚአብሔር መከራዬን ሁሉ፣ የአባቴንም ቤት አስረሳኝ ሲል ነው። አየሽው? ረስቻለሁ ብሎ ስም አወጣ። ልጁን «ና እዚህ» ባለ ቁጥር የሚጠራው ያንኑ ረሳሁት ያለውን ነገር ነው። ከዚያ ወንድሞቹ እህል ፍለጋ መጡ። ዘወር ብሎ አለቀሰ፤ ተመልሶም አናገራቸው። ሁለተኛ ሲመጡ ብንያምን ይዘው ነበር። ምዕራፍ 43 ብንያምን «የእናቱን ልጅ» ይለዋል። ዮሴፍ አንጀቱ አልቻለም። ቸኩሎ ጓዳ ገባና አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ታጠበ፣ ራሱን ገታ፣ ወጣና ምግብ አቅርቡ አለ።

እኔ ይህን ቁጥር ሳነብ የአንሶላው ክፍል ሳሙና ይሸተኛል። አንቺም የምታውቂው ይመስለኛል። ለ19 ዓመት ፊትሽን ታጥበሽ ምግብ ስታቀርቢ ኖረሻል።

እናታቸው ራሔል ማን ናት? ብንያምን ስትወልድ መንገድ ላይ የሞተች ሴት ናት፤ ምዕራፍ 35 ላይ አለ። በጭንቋ ሰዓት አዋላጇ የነገረቻት ነገርም ተጽፏል። አትፍሪ፣ ይሄም ወንድ ነው አለቻት። (እኛ አዋላጆች ከጥንትም እንዲህ ነን። እናቲቱ እየሞተች ስለ ልጁ ጾታ እናወራለን።) ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ተሸጧል፣ ታስሯል፣ ተረስቷል። ብንያምን ዳግመኛ ሲያይ 40 ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። ጉድጓዱ ያላፈረሰው፣ እስር ቤቱ ያላፈረሰው ሰው የእናቱን የመጨረሻ ልጅ ሲያይ ፈረሰ።

አሁን ልጠይቅሽ። ጥር ላይ ማንን ነበር የዳርሽው?

«ለምን አሁን?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ደብዳቤሽ ግን በየመስመሩ ይጠይቃል። አሁን የሆነው ሥራሽ ስላለቀ ነው። የዘበኛ እግር የሚንቀጠቀጠው ተረኛው መጥቶ ቁጭ ሲል ነው። በዚያ ላይ ልጅሽ አምስት ዓመቷ ነው ብለሽኛል። እህትሽ እናቷ ስትሞት ስንት ዓመቷ ነበር? ብርጭቆው ምክንያት አይደለም ልጄ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎችሽ። የእምነት ማነስ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። እኚያ ሽማግሌ የጠቀሱልሽ ቃል ተሰሎንቄ ላይ አለ፣ የመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 4። ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ ይላል። ፈጽሞ እንዳታዝኑ አይልም። ተስፋ ያለው ሰውም ያዝናል። ጌታችን አልዓዛርን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደሚያስነሣው እያወቀ ዮሐንስ 11 ላይ «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ተብሎ ተጽፏል። እሱ ያለቀሰበትን መቃብር እኛ በደረቅ ዓይን ለማለፍ ምን አደከመን?

«በኋላዬ ያለውን እየረሳሁ» የሚለውንም አውዱን ተመልከቺ፤ ፊልጵስዩስ 3 ነው። ጳውሎስ ከዚያ በፊት የዘረዘረው ቁስሉን አይደለም፣ ሜዳሊያውን ነው። በስምንተኛው ቀን የተገረዝኩ፣ ከብንያም ወገን፣ በሕግ ፈሪሳዊ፣ ነቀፋ የሌለብኝ ይላል። የተወው የሚመካበትን ነው። በዚህ ቃል ከሄድን አንቺ የምትረሺው ቻይነትሽን ነው እንጂ እናትሽን አይደለም። ለነገሩ «ቻይ» የሚለውን ቃል ከዚህ አገር ሴቶች ላይ ብነቅለው ደስ ይለኝ ነበር። ምስጋና ይመስላል፤ ግን ብዙ ጊዜ «አታስቸግሪን» ማለት ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ወንጌላውያን ወገኖቼ እንዳትቆጡኝ። አጠገቤ ኦርቶዶክስ ጎረቤት አለችኝ። ባሏ ሲሞት አርባውን አወጣች፣ ሰማንያውን አወጣች፣ ሙት ዓመቱን አሰበች። በየቀጠሮው ሰው መጣ፣ ስሙ ተጠራ፣ አለቀሰች፣ በላች። እኛ ተዝካር የተውነው በትምህርታችን ምክንያት ነው፤ ትምህርቱን አልከራከርም። ግን የሐዘኑን ቀን መቁጠሪያም አብረን ጣልነው፣ በምትኩም ምንም አላስቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሳል፣ እሁድ «ጌታ መልካም ነው» ብለን እንዘምራለን። መልካም ነው። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ግን አርባኛው ቀን ላይ የት ሄዳ ታልቅስ?

ለጸሎት መውጣትሽን አልነቅፍም። እኔም ወጥቻለሁ። ሦስት ቀን ቀለለኝ ማለትሽንም አምናለሁ፤ ሰው እጁን ጭኖ ሲጸልይልሽ መቅለሉ ውሸት አይደለም። ግን ሐዘን አጋንንት አይደለም። ሐዘን አይወጣም፣ ይለቀሳል። «ከእናትሽ የመጣ» መባሉ ደግሞ አስከፍቶኛል። ከእናትሽ የመጣልሽ ፍቅር ነው፤ ቀሪው የእሷ መሄድ ነው። ሟቿን እናት የችግር ምንጭ አድርጎ ለልጅ መንገር ጭካኔ ነው፣ ሳይታሰብ የተደረገ ቢሆንም። ዮሴፍ በመጨረሻ ራሱን መግታት ሲያቅተው ምን አደረገ? ምዕራፍ 45ን እይ። የማይመለከታቸውን ሁሉ ከክፍሉ አስወጣ። የቀሩት ወንድሞቹ ናቸው። በእነሱ ፊት ጮኾ አለቀሰ፤ ውጭ ያሉት ግብፃውያን እስኪሰሙት ድረስ። ከዚያ ነው «እኔ ዮሴፍ ነኝ» ያለው። እስከዚያ በፈርዖን ስም፣ በፈርዖን ልብስ፣ በአስተርጓሚ ነበር የሚያናግራቸው። ጓዳ ውስጥ ብቻውን ሲያለቅስ ስሙ አልተመለሰለትም። በመድረክ ላይም አልነበረም፤ ለሚመለከታቸው ነው።

ሐኪም ጋ ሂጂ። ይሄን በነርስነቴ ነው የምልሽ። የልብ ምት፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቁጣ ሐዘን ያመጣቸዋል። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም ልክ እነዚህኑ ያመጣል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። ደም ማነስም ልብን ያስመታል። ስለዚህ መጀመሪያ ታዪ፤ ደምሽም ግፊትሽም ይለካ። ነገሩ የሆድሽ ነገር ብቻ ሆኖ ከተገኘም በሪፈራል ሆስፒታላችን የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። እዚያ መቀመጥ እብደት አይደለም። ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስ «የተወደደው» ነው ያለው። አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልንገርሽ። ሌሊት ስትነቂ ሞትን የምትመኚ ከሆነ፣ ወይም ልጅሽን እጎዳታለሁ ብለሽ የምትሰጊ ከሆነ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ለባልሽ ንገሪና አብራችሁ ሂዱ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ባለፈው ወር «ተጸልዮልኝ መድኃኒቴን ላቁም?» ብሎ የጻፈልኝ ወንድም አለ። ወንድሜ፣ በራስህ አታቁም። የድብርት መድኃኒቶች ለውጣቸውን ለማሳየት ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በድንገት ሲቋረጡ ደግሞ ሰውነትን ይረብሻሉ። ጌታ ከፈወሰህ ሐኪሙም ያየዋል፤ ቀስ አድርጎ ያወርድልሃል።

ይቅርታውን በተመለከተ አልቸኩልብሽም። የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። የአንድ አባል ውዝፍ እንዲማርለት ስንወስን መጀመሪያ መዝገቡ ይወጣል። ስንት ወር? ስንት ብር? ተቆጥሮ ሲታወቅ ነው የሚማረው። ማቴዎስ 18 ላይ ያለው ንጉሥም መጀመሪያ ሂሳብ አስቀርቧል፤ እልፍ መክሊት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው ዕዳውን የተወለት። አንቺ በ15 ዓመትሽ መዝገቡን ሳትገልጪ «ተምሯል» ብለሽ ፈርመሻል። አሁን ያንገሸገሸሽ ውዝፉ ነው። ቁጠሪው። አባቴ በዓመቱ አገባ፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምን አጣሁ? ማን ፀጉሬን ሠራኝ? የመጀመሪያ የወር አበባዬ ሲመጣ ለማን ነገርኩ? ይህን ሁሉ ጻፊው። ምሕረቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ይዘገያል፣ ግን የእውነት ይሆናል። ስለ ሽማግሌው አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ክንድሽን የያዙት የራሳቸውን እንባ ለመያዝ ሳይሆን አይቀርም። የሌላ ሰው ልቅሶ ይነካን ነበር፣ እኛን ቻዮቹን። እኔ በምጥ ክፍል ሴቶቹን ዝም በሉ ስል የኖርኩት ለምን ይመስልሻል?

አሁን የእኔን ልጨርስልሽ። ከአንሶላው ክፍል ከወጣሁ በኋላ ለሁለት ሳምንት ማንንም አላናገርኩም። ባለቤቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። አንድ ማታ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ቁጭ ብለን ዝም ስለው፣ እንደ ቀልድ «ይሄ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባል ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። አንቺን ይመስላል» አለኝ። ተናደድኩ። አባ ኮዳዎቹን እያየሁ አኮረፍኩ። በማግስቱ የቤት ኅብረታችን አባል ወደሆኑ አንዲት አሮጊት ሄድኩ። ማንበብ አይችሉም፤ መድረክ ላይም ወጥተው አያውቁም። የመረጥኳቸው ወሬ ስለማይወዱ ነው። ነገርኳቸው። ጥቅስ አልጠቀሱልኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ክብደቷ ስንት ነበር?»

ካርዷ ላይ አይቼዋለሁ። 17 ዓመት በጭንቅላቴ ነበር። «ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ» አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ድምፄን አላውቀውም። ቡናው ቀዘቀዘ። እሳቸው ዝም ብለው ጀርባዬን ሲያሹ ቆዩ። መጨረሻ ላይ «ጌታ ሆይ፣ ይችን ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ልጅ ታውቃታለህ» አሉ፤ አሜን። ስንት ኮንፈረንስ ተካፍያለሁ፣ እንደዚያ ያለ ጸሎት አልሰማሁም።

ያን ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ከአጥሩ ጥግ፣ ጥዱ ሥር ናት» አለኝ። «ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር።» በአንድ አልጋ ተኝተን፣ እሱም የራሱ ፌስታል ነበረው። በሐምሌ አብረን ሄድን። ስም አወጣንላት፤ ስሟን ለዚህ ዓምድ አልሰጥም።

በማግስቱ መልአክ አልሆንኩም። ቁጣዬ ለመብረድ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ልጆቼን ጠይቂ። ግን በምጥ የምትጮህ ሴት እጅ መያዝ ጀመርኩ። የሞተ ልጅ ለወለደች እናት «ልታይው ትፈልጊያለሽ?» ማለት ጀመርኩ። መንፈሳዊ እድገት ምንድን ነው ብለሽ ብትጠይቂኝ ከዚህ የተሻለ የማሳይሽ ነገር የለኝም። ጸሎቴም ተለወጠ። ድሮ ለጌታ የማቀርበው ታጥቦ የተተኮሰውን ብቻ ነበር። አሁን መዝሙር 13ን (በሌላው አቆጣጠር 12 ነው) እንዳለ እጸልየዋለሁ። ሰውዬው «እስከ መቼ?» ብሎ አራት ጊዜ ይጠይቃል። ማንም አልቆጣውም። መዝሙር 88 ደግሞ (87 የሚለውም አለ) በጩኸት ተጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ እሱም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው።

አንቺ ከየት ትጀምሪ? ሰው ካልበዛበት ሰዓት፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሐይቁ ዳር ደብተር ይዘሽ ተቀመጪ። ጦጣ እንዳይነጥቅሽ እንጂ ዳቦም ያዢ። ለጌታ ስለ እማዬ ጻፊለት። እናትሽ ከሶዶ ናት ብለሽኛል። ስታባብልሽ በወላይትኛ ከነበረ ጸሎትሽም በወላይትኛ ይሁን። መዝሙሩን በአማርኛ ትዘምሪያለሽ፤ እናት ግን የምትለቀሰው በራሷ ቋንቋ ነው። ከኳየሩ ለተወሰነ ጊዜ ዕረፍት ጠይቂ። ምክንያቱን ለሁሉም መዘርዘር የለብሽም፤ «እናቴን እያለቀስኩ ነው» በቂ ነው። ሲስቁብሽ ደግሞ ይሳቁ።

ልጅሽን ይቅርታ ጠይቂያት። ተንበርክከሽ፣ በቁመቷ ልክ ሆነሽ። «እማዬ የተቆጣችው በብርጭቆው አይደለም፤ የእኔ እማዬ ናፍቃኝ ነው» በያት። አምስት ዓመት ይህን ለመረዳት ይበቃል። እንዲያውም ከሽማግሌዎች ቶሎ ይገባቸዋል።

ከዚያ ፌስታሉ። ብቻሽን አትፍቺው። ጸሎት ቤትም አትውሰጂው። ሦስቱን ጥሪያቸው፤ አዲሷ ሙሽራም ትምጣ። ባሎችና ሚስቶች ለአንድ ከሰዓት ሌላ ቦታ ይዋሉ። አባትሽን ለሌላ ቀን አቆዪው፤ የእሱ ተራ ይመጣል። ቡና አፍሉ፤ ፈንዲሻውን ተዪው፣ ንፍሮ ቀቅዪ። 19 ዓመት የዘገየ ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ ንፍሮ አለው። እህትሽ እናቷን የምታውቃት በአንቺ በኩል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተርኪላት። ሻይ ቤቱን ተርኪላት። ስንት ብርጭቆ ነበረው? ማን ነበር በዱቤ እየጠጣ የሚጠፋው? እማዬ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር ወይስ አትሸፍንም? ካለቀስሽ እንደ ድሮው ልታባብያቸው አትነሺ። ያባብሉሽ። አድገዋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ። ሽታዋ ላይኖር ይችላል። 19 ዓመት ረጅም ነው፤ ፌስታል ደግሞ ጨርቅ ያሻግታል። ምናልባት ብልም ነክቶት ይሆናል። እንደዚያም ቢሆን ዘርጉትና አንድ ከሰዓት በመካከላችሁ ይዋል።

ደህና ከሆነ ግን፣ እባክሽ፣ ቶሎ አታጥቢው።